የጤፍ ዘርና የእኛ ፈቃድ
(በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ሳይቋጭ ቀርቷል። የጤፍን ዘረመል በላቦራቶሪ መለወጥ ነውር ነው ወይስ በጎ ሥራ? ግማሾቻችን የፈጣሪን ሥራ መንካት ነው አልን። ግማሾቻችን ልጅ ከሚራብ ይነካ አልን። ሁላችንም ነገሩን በቅጡ ሳናውቅ ነበር የተከራከርነው።

ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው። ፍሬ ይዞ ሳለ ጥቅምት ላይ ዝናብና ነፋስ ከመጣበት ይጋሽባል፤ ማዳበሪያ ሲበዛበት ደግሞ ይብስበታል። የተኛ ጤፍ ማጨድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአሜሪካ ያለው የዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከልና ኮርቴቫ የተባለው የዘር ኩባንያ በጋራ አጭርና የማይጋሽብ ጤፍ ለማግኘት የጤፉን የራሱን ዘረመል የማረም ሥራ ጀምረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተፈቀደው ጓይ ትልን የሚቋቋም ጥጥ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል አለው።

ዘር ማሻሻል ራሱ አዲስ አይደለም። ቁንጮ ጤፍ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ ስንዘራው ኃጢአት ነው ያለን የለም። እንግዲህ የሚያሳስበን መለወጡ ብቻ አይደለም።

በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፋችን ሊጠቀም፣ ከጥቅሙም ሊያካፍለን ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። በኋላ በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ። መብቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ዞሮ ቀጠለ። በሄግ ያለ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ የሻረው በ2018 ነው። ሄግ ድረስ ሳይኬድ ማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ ልትነግራቸው ትችል ነበር።

ስለ ጭዱም እንናገር። አጭር ጤፍ ጭዱ ሊያንስ ይችላል። ጭድ ደግሞ የበሬው ቀለብ፣ የግድግዳው ምርጊት ነው። «ጎታውን በምን ልናበጀው ነው?» ብለው አንዲት እናታችን ሲጠይቁ ስቀን ነበር። ቤታችን ገብተን ስናስበው ሳቁ ቀረ። ይህን ጥያቄ እስካሁን መጥቶ የጠየቀን የለም፤ ጎታ የምንሠራው ግን እኛ ነን።

የመጀመሪያው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሕግ በዓለም መድረክም ሳይቀር ብዙ የደከሙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ሲሻሻል ለምርምር ላላ ተደረገ። መላላቱን ሁላችንም አንጠላውም፤ በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም።

የተስማማንበት ይህ ነው። አዲሱ ዘር አይምጣ አንልም። ከመምጣቱ በፊት ግን እንጠየቅ። ካጨድነው ላይ ለከርሞ ዘር ማስቀረትና ለጎረቤት ማበደር እንደማይከለከል በጽሑፍ ይሰጠን። አምና አንዲት አባላችን ልጇን ልታሳክም ዘሯን ሸጣ ሐምሌ ላይ ባዶ እጇን ቀረች። ከስድስት ቤት አንድ አንድ ቁና ተሰጣት፤ ኅዳር ላይ መለሰች። ያ ዘር የማይበደር ቢሆን ኖሮ ማሳዋ ጦሙን ያድር ነበር። ደጋፊዎቻችንም የተሻሻለ ዘር ልትሰጡን ስታስቡ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁልን።

እስከዚያው እያንዳንዳችን በቤታችን የቆየውን ጤፍ በየዓይነቱ አንድ አንድ ጣሳ ለይተን እናስቀምጥ። የሞጣ እህቶቻችን ቀይ ጤፍ ይዘው መጥተዋል። ከቡናው በኋላ እንለዋወጣለን፤ ጣሳ ያልያዘች ከእኛ ትዋስ።