ተንቀሳቃሽ የሞተር ማስነሻ ባትሪ፤ አመራረጡና ቻርጅ አደራረጉ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



በአዲስ አበባ መንደሮች ንጋት ላይ አንዲት መኪና በሦስትና በአራት ሰው ክንድ ስትገፋ ማየት የቆየ ነገር ነው። ባትሪው የደከመበት ባለመኪና ማታውን ቁልቁለት ፈልጎ ያቆማል፤ ጧት ጎረቤት ይጠራል፤ መኪናይቱ መንከባለል ስትጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ሞተሩም ይነሣል። ይህ ዘዴ ለብዙ ዘመን ያገለገለ ቢሆንም፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው መኪናዎች በበዙ መጠን የማያዋጣበት ጊዜ በዝቷል፤ እንዲህ ያለው መኪና ተገፍቶ አይነሣምና። ችግሩ የደረሰው ከከተማ ርቆ ከሆነ ደግሞ ከሌላ መኪና በኬብል ኀይል መበደርም አይቻልም። በሕዝብ አነጋገር ጃምፕ ስታርተር የሚባለው፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የማስነሻ ባትሪ ተፈላጊ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ገዢው በሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚያነበው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በገዘፈ መጠን ዕቃው የበረታ ይመስለዋል። ከዚያም ወደ ጋራዥ መጥቶ «የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በግምት ከሆነ፣ ጉዳቱ በባከነ ገንዘብ ብቻ አያበቃም፤ በሌሊት በሽተኛ ይዞ መንገድ ላይ የቀረ ሰው፣ ባትሪ ፈንድቶበት ዐይኑ የተጎዳ ሠራተኛ፣ ወይም ቻርጅ ላይ ተረስቶ ያደረ ዕቃ የለኮሰው ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልሱ በዕውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሞተሪኖው የሚጠይቀውን ማጤን ይገባል። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ለማዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ገደማ ይፈለጋል፤ ከፍ ያለ የናፍጣ ሞተር ግን 400 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው ግን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በ10 ቮልት 200 አምፔር ለ3 ሴኮንድ ቢፈስ፣ የሚወጣው ጉልበት 6,000 ጁል፣ ይኸውም 2 ዋት-ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነው። በ3.7 ቮልት ስሌት 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው የተባለ ዕቃ 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዕቃው ምን ያህል ጉልበት ይይዛል የሚለው ሳይሆን፣ የያዘውን ምን ያህል በፍጥነት ሊለቅ ይችላል የሚለው ነው። ሆዱ ሰፍቶ አንገቱ የጠበበ እንስራ ብዙ ውሃ ቢይዝም በአንድ ጊዜ ብዙ አያፈስም።

በካርቶኑ ላይ «ከፍተኛ አምፔር» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ 12.6 ቮልት ያለውና የውስጥ ተቃውሞው 20 ሚሊኦም የሆነ ባትሪ ይታሰብ። ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ቢገናኙ 630 አምፔር ይፈስሳል፤ በዚያች ቅጽበት ግን በጫፎቹ መካከል የሚቀረው ቮልት ዜሮ ስለሚሆን አንድም ሞተር አይዞርም። ከዚሁ ባትሪ 200 አምፔር ቢወሰድ 4 ቮልት በውስጡ ይቀልጥና 8.6 ቮልት ለሞተሪኖው ይደርሰዋል፤ 300 አምፔር ቢወሰድ ግን የሚደርሰው 6.6 ቮልት ብቻ ነው። «600 አምፔር» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ባለ 200 አምፔሩን መኪና አስነሥቶ በባለ 400ው ፊት የሚያፍረው ስለዚህ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሰጠው የብርድ ማስነሻ መለኪያ ግን ሥርዓት አለው፤ በዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ሴኮንድ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው አምፔር ነው። ስለዚህ ገዢው «ከፍተኛ» የሚለውን ትቶ «የማስነሻ አምፔር» ተብሎ ለብቻው የተጻፈውን እንዲፈልግ፣ ይህ ካልተጻፈም በካርቶኑ ላይ የተመለከተውን የሞተር መጠን ከራሱ ሞተር ጋር አስተያይቶ ከፍ ያለውን እንዲመርጥ መምከር ይገባል።

ከዐይነታቸው አንጻር ሲታዩ በገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው፣ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈለሰፈው በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ነው፤ ከባድ ቢሆንም ጠንካራና ጠባዩ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የሊቲየም ነው፤ የሊቲየም-አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የማስነሻው ሳጥን በኪስ እስከመያዝ ደርሷል። ከሊቲየሞቹም መካከል የብረት ፎስፌት የተባለው በክብደቱ ጥቂት ቢበልጥም ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይታገሣል። ሦስተኛው በካፓሲተር የሚሠራው ነው፤ ይህ ከደከመው ባትሪ የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ቀስ ብሎ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ለወራት ቻርጅ ሳይደረግ ቢቀመጥ አይጎዳም፤ ነገር ግን ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ ከሌላ ምንጭ መሞላት አለበት።

የትኛውም ቢመረጥ መቆንጠጫዎቹ መከላከያ ያላቸው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይኸውም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢገለባበጡ፣ መቆንጠጫዎቹ ቢነካኩ፣ ወይም ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ከዲናሞው የሚመጣው 14 ቮልት ገደማ ወደ ትንሹ ባትሪ ቢመለስ መስመሩን የሚዘጋ ማለት ነው። ጨርሶ ለሞተ ባትሪ ተብሎ የተሠራው ልዩ ቁልፍ እነዚህን መከላከያዎች እንደሚያልፍ ሳይነገረው ለደንበኛ ሊሸጥ አይገባም። ባለ 12 ቮልቱን በባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ መጠቀምም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ብዙ ዕቃ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ ስለሆነ የአውሮፕላን ደንብም ሊታወቅ ይገባል። የሊቲየም ማስነሻ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ የሚያዘውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ሲሆን፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የዋት-ሰዓቱ ልክ ያልተጻፈበት ዕቃ በፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ተጓዡ አስቀድሞ አየር መንገዱን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ቻርጅ አደራረጉን በተመለከተ፣ በ5 ቮልትና በ2 አምፔር ቻርጀር፣ ይኸውም በ10 ዋት፣ ባለ 74 ዋት-ሰዓቱ ዕቃ የሚባክነው ተጨምሮ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በ18 ዋት ከሆነ 5 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ሒሳብ አውቆ ዕቃውን አስቀድሞ መሙላት አለበት። ቻርጅ ሲደረግ በጠንካራና በማይቀጣጠል ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ርቆ፣ ሰው በነቃበት ሰዓት ይሁን። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ሽታ የሚያወጣ ዕቃ ከቶ ቻርጅ አይደረግም። ከዜሮ ዲግሪ በታች የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ቢደረግ በውስጡ ሊቲየም ብረት ይጋገርና ለአደጋ ይዳርጋል፤ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ያደረ ዕቃ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ሊሞቅ ይገባዋል። በአንጻሩ በድሬዳዋና በአፋር ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ባትሪውን በፍጥነት ያስረጀዋል፤ በዚያ አገር ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ቤት ይግባ።

የሊቲየሙ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት፤ ቻርጁ ከግማሽ ሲወርድ ቮልቱም የማስነሣት ዐቅሙም አብረው ይወርዳሉና። የእርሳሱ ግን በየወሩ መሞላት ይገባዋል፤ ባዶውን የተቀመጠ እንደሆነ ሰልፌቱ በሰሌዳዎቹ ላይ ይደድራል፤ ኋላም አይመለስም።

በአጠቃቀሙም ጊዜ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቀዩ መቆንጠጫ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ግን ከባትሪው ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ይያዛል፤ ከአሲድ ባትሪ የሚወጣው ኃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና። የዕቃው መመሪያ ሌላ ካዘዘ እርሱ ይከበራል። ቁልፉ ከ5 ሴኮንድ በላይ አይያዝ፤ በሙከራዎች መካከል አንድ ደቂቃ ይታረፍ፤ በሦስተኛው ካልተነሣ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መቆንጠጫዎቹ ወዲያው ይነሡ፤ ዕቃውም ሳይቀዘቅዝ ወደ ቻርጀር አይመለስ።

የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪናዎችን ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በጋራዦች ደጃፍ እየበዛ ነው። ይህም መኪና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስላለው እርሱ ሲደክም መኪናው ይተኛል። የሚዞር ሞተሪኖ ስለሌለው ግን ትንሽ ማስነሻ ይበቃዋል። ሌላ መኪና ለማስነሣት የኤሌክትሪክ መኪናን ባትሪ መጠቀም ግን መመሪያው ካልፈቀደ በቀር አይገባም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ማስነሻው የሚሰጠው የአንድ ጧት መንገድ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ካልተነበበ ዲናሞው፣ ይህ ኖሮም ሞልቶ ያደረው ባትሪ ጧት ወደ 12 ቮልት ከወረደ ባትሪው ራሱ፣ ወይም ሌሊቱን ሲስብ የሚያድር ሽቦ ሊመረመር ይገባል። ባለመኪናው በየዕለቱ በትንሿ ሳጥን እያስነሣ መሄድን ሲለምድ በሽታው ይሰወርበታል፤ ሳጥኗም በምትደክምበት ሌሊት ሁለቱም አብረው ይቀሩበታል። የሙያው ሰው ግዴታ እንግዲህ ለደንበኛው የሚስማማውን ዕቃ መምረጥ ብቻ ሳይሆን፣ በዕቃው መጠቀም የማያስፈልገው እንዲሆን መኪናውን ማዳን ነው። ማስነሻው በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተሞልቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ቢከርም፣ ጋራዡ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው።