ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ነበር?

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር

ዛሬ አብረውን ሊቀመጡ ሲገባቸው ለተለዩን ነፍስ ይማርልን።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ትዝታ እንድናገር ነበር። ትናንት ማታ ግን እራት ላይ አንድ ክርክር ተነሣና ሐሳቤን አስለወጠኝ። አንዱ ጓደኛችን «ያን ሁሉ ጦርነት፣ ያን ሁሉ ረኃብና ድህነት ያመጣብን አንድ ሰው ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም!» አለ። ሌላው ደግሞ «ዝናቡን ያስቀረው እሱ ነው? ዚያድ ባሬን ውረረን ያለው እሱ ነው? የወደቀ ዛፍ እኮ ምሳር ይበዛበታል» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም በዚያ ዘመን ወንድም ያጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በቀልድ ማለፍ አልተቻለም፤ ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። እኔም ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ።

እስቲ በመጀመሪያ ለተከሳሹ እንከራከርለት፤ በደንቡ እንዲህ ነውና። የኤርትራ ጦርነት የተጀመረው በ1953 መጨረሻ ነው። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው በኅዳር 1955 ነው። መንግሥቱ የደርግ ሊቀ መንበር የሆኑት ጥር 1969 ስለሆነ ያንን እሳት ያገኙት እየነደደ ነው። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ሲገባና ጅጅጋ በመስከረም ስትያዝ፣ የትኛውም የኢትዮጵያ መሪ ቢሆን ከመዋጋት ሌላ መንገድ አልነበረውም። የካቲት 1970 ጅጅጋ ስትመለስ ያልተደሰተ ማን ነበር? ድርቁም ቢሆን ከሰማይ የመጣ ነው። በ1981 መጨረሻ የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ ሲቀር ዋጋው የወደቀው በእኛ ላይ ብቻ አልነበረም። ከውጭ ንግዳችን ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ቡና ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ታሪክም አይደለም፣ ፍትሕም አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሌላው ወገን እንምጣ። መሪ የሚጠየቀው በደረሰበት ነገር ሳይሆን በደረሰበት ነገር ላይ ባደረገው ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ያውቅ ነበር ወይ? ሌላ መንገድ ነበረው ወይ? ተሳስተሃል የሚለውን ሰው ምን አደረገው?

ያውቅ ነበር ወይ? መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ የወሎን ረኃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ሰውን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ልክ አሥር ዓመት ቆጥራችሁ መስከረም 1977 ላይ ድረሱ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከወራት በፊት የሚራበውን ሕዝብ ብዛት ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። አዲስ አበባ ግን ለአሥረኛው ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ አጊጣለች። በዓሉ ባለፈ በስድስተኛው ሳምንት የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ወጣ። የንጉሡን ጥፋት አስተማሪ አድርጎ ያሳየ መንግሥት ያንኑ ጥፋት ሲደግመው «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

ሌላ መንገድ ነበረው ወይ? ነበረው። ገበሬው እህሉን በተወሰነ ኮታና በርካሽ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ትርፍ ካለበት ክፍለ ሀገር እህል ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ ኬላ ቆመበት። ድርቅ ምርትን ይቀንሳል፤ ያለውን ምርት ከተራበው ሰው የሚለየው ግን ኬላ ነው። ኬላን ደግሞ ሰው ይሠራዋል፣ ሰው ያነሣዋል። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ንግዱ ተለቀቀ። ማንሣት ይቻል ኖሯል ማለት ነው። የተነሣው ግን አፍዓበት ከወደቀ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ መንግሥቱም ሊወድቅ ከአንድ ዓመት ብዙ ሳይበልጥ ሲቀረው ነው።

ተሳስተሃል የሚለውን ሰው ምን አደረገው? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የኤርትራ ነገር በንግግር ይለቅ ሲሉ የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ያኔ መንግሥቱ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ውሳኔው የደርግ ነበር። ከዚያ ግን በጥር 1969 ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ በ1970 ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተራቸው ደረሰ። በቀይ ሽብር ያለቀውን ወጣት ከዚህ አዳራሽ የምነግረው ሰው ያለ አይመስለኝም። «አይሆንም» የሚለውን ሁሉ ያጠፋ መሪ ኋላ ላይ «አልነገሩኝም» ቢል ማን ይሰማዋል? ምክር የሌለበትን ቤት የሠራው ራሱ ነውና ከዚያ ቤት የወጣው ጥፋት በስሙ ይመዘገባል። ፍርድ ቤት በ1999 በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያላቸው በግድያው ነው። በረኃቡና በኢኮኖሚው ግን የዳኛቸው የለም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር፤ ሁላችንም ንጹሕ ሆነን ወደ ምሳ እንሄድ ነበር። ግን የራሴን ሳልናገር ብወርድ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

ከዚህ ግቢ እንደተመረቅሁ አንድ አውራጃ ውስጥ ተመደብኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሥራዬ የምርት ግምት መሰብሰብ ነበር። ኮታው የሚወጣው ከዚያ ግምት ነው። አንድ ቀን አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ማሳቸውን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይኸው በዓይንህ አየኸው። አምና ኮታውን የሞላነው ከገበያ በውድ ገዝተን ነው። ዘንድሮ ምን ሸጠን እንገዛለን? ያየኸውን ብቻ ጻፍልን» አሉኝ። እሺ አባባ አልኳቸው። ማታ በፋኖስ ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን ስሠራ ያየሁትን ጻፍኩ። ከዚያ የአምናውን ቁጥር አየሁ። ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሰረዝኩና ከፍ አድርጌ ጻፍኩት።

ልብ በሉልኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ እንኳ አላየውም ነበር። ሊቀ መንበር መንግሥቱ የዚያን መንደር ስም ሰምተው አያውቁም። ያንን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ የተማርኩት እኔ። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ መንደር እንዳልመደብ ለምኜ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ሰውዬው ኮታውን በምን እንደሞሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ታዲያ ይህ የመሪውን ጥፋት ያቀልለታል? አያቀልለትም። እኔን ያስፈራኝን ፍርሃት የዘራው እሱ ነው። ጥፋት ግን እንደ እንጀራ አይደለም፤ ሲቆርሱት አያልቅም። የእሱ የእሱ ነው፣ የእኔም የእኔ ነው። የትናንት ማታ ጓደኞቼም እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ሁሉን በአንድ ሰው ላይ ስንጭን ራሳችንን እናጥባለን። ሁሉን በድርቅና በጠላት ስናሳብብ ደግሞ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ወደሚለው እንመለሳለን። ለወደፊትም ኑሮ ሲወደድ ወይም ጦርነት ሲመጣ፣ መሪው ማንም ይሁን ማን፣ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ከዚያ አራተኛውን ለራሳችሁ ጨምሩ፦ እኔስ ምን ጽፌ ፈረምኩ?

አንድ ልመና አለኝ። እኛ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች እያለቅን ነው። እያንዳንዳችን በነበርንበት መሥሪያ ቤት ያየነውን፣ የፈረምነውንና የደበቅነውን አንድ ሁለት ገጽ እንጻፍና ለቤተ መጻሕፍታችን እንስጥ። መምህራኖቻችን ሆይ፣ እናንተም ለተማሪዎቻችሁ አስነብቧቸው። የእኔን ሁለት ገጽ ይዤ መጥቻለሁ፤ የመንደሩ ስምና ሁለቱም ቁጥሮች፣ የተሰረዘውም የተጻፈውም፣ እዚያው ውስጥ አሉ። ከዚህ ስወርድ አስረክባለሁ።