መልክና ልብ፤ ስለ አንድ የጃፓን ሲኒማ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የጃፓን ሲኒማ ነው። ሲኒማው የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ነው። «ሥራ በበዛበት ዘመን ስለ ሳቅና ስለ ወጣቶች ፍቅር መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ታግሦኝ በመጨረሻው ይፍረድ። ቁም ነገር ብዙ ጊዜ በሳቅ ተጠቅልሎ ይመጣልና።

የሲኒማው ስም በጃፓን ቋንቋ «ኦሬ ሞኖጋታሪ» ይባላል፤ በአማርኛ «የእኔ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። ሃያቶ ካዋይ የተባለ ባለሙያ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ታይቷል። መነሻው ግን ማንጋ ነው። ማንጋ ማለት ጃፓኖች በሥዕልና በአጫጭር ንግግር የሚተርኩት ታሪክ ሲሆን፥ በመጽሔት ላይ በክፍል በክፍል ሲወጣ ቆይቶ ኋላ በመጽሐፍ መልክ ይጠረዛል፤ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የዚህን ማንጋ ድርሰት ካዙኔ ካዋሃራ፥ ሥዕሉን አሩኮ ሠርተውታል። ከ2011 እስከ 2016 ለልጃገረዶች በሚታተም መጽሔት ላይ ወጥቶ በ13 መጻሕፍት ተፈጽሟል። በ2013 የኮዳንሻን፥ በ2016 ደግሞ የሾጋኩካንን የማንጋ ሽልማት አግኝቷል።

ለልጃገረዶች በሚጻፉት ማንጋዎች ዘንድ ወንዱ ባለታሪክ እንደ ልማድ ቀጭን፥ ለስላሳና መልከ መልካም ነው። ካዋሃራና አሩኮ ይህን ልማድ ገለበጡት። የእነርሱ ባለታሪክ ታኬዎ ጎዳ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሆን፥ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል፥ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፥ ከንፈሩ ወፍራም፥ ቅንድቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወንዶች ጓደኞቹ ስለ ጉልበቱና ስለ ቅንነቱ ያከብሩታል፤ ልጃገረዶች ግን ገና ሲያዩት ይፈሩታል። አባቶቻችን «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላሉ፤ ይህን ወጣት ግን ስሙም አልደገፈውም። ታኬዎ ተብሎ የተጻፈበት ፊደል ትርጉሙ «ኃይለኛ ወንድ» ነውና።

ታኬዎ ማኮቶ ሱናካዋ የሚባል ጎረቤትና የልጅነት ባልንጀራ አለው። ሱናካዋ መልከ መልካም፥ ንግግሩም ቁጥብ ነው። ታኬዎ የወደዳት ልጃገረድ ሁሉ የምትወደው ሱናካዋን ነው፤ ሱናካዋም ሁሉንም አይሆንም እያለ ይመልሳቸዋል። ታኬዎ በዚህ አይቀናም፤ ነገሩን እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ተቀብሎታል።

አንድ ቀን ታኬዎ በባቡር ሲሄድ፥ አንድ ነውረኛ ሰው ሪንኮ ያማቶ የምትባለውን ተማሪ በእጁ ሲዳፈራት ያያል፤ ሰውየውንም ይዞ ልጅቱን ያድናታል። ያማቶ በእጇ የጋገረችውን ኬክ ይዛ ልታመሰግነው ትመጣለች። ኬኩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምስጋና ነው በተባለ ነበር፤ እርስዋ ግን ደጋግማ ትመጣለች። ታኬዎም እንደ ለመደው «የምትመጣው ለሱናካዋ ነው» ብሎ ይደመድማል። የራሱን ፍቅር ዋጥ አድርጎ ሁለቱን ለማገናኘት ይደክማል። ተመልካቹ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያማቶ የምትወደው ራሱን ታኬዎን እንደ ሆነ ከእርሱ በቀር ሁሉም ያውቃልና። በማንጋው ይህ አለመግባባት ቶሎ ይፈታል፤ ሲኒማው ግን ረዘም አድርጎ ስለ ያዘው ትዕግሥት የሚያጣ ተመልካች ይኖር ይሆናል።

ከሳቁ በስተኋላ ግን ሁለት ቁም ነገር አለ። መጀመሪያው የሱናካዋ ምሥጢር ነው። እነዚያን ልጃገረዶች ሁሉ የመለሳቸው ስለ ኮራ አልነበረም። ፍቅራቸውን ሊነግሩት የመጡት በባልንጀራው መልክ የሚሳለቁ ሆነው ስላገኛቸው ነው። ይህንንም ለታኬዎ ሳይነግረው ብዙ ዘመን ኖረ። ውለታን ሠርቶ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ሁለተኛው የታኬዎ ስሕተት ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ የማያዳላው ይህ ወጣት በራሱ ላይ ያዳላል። ዓለም በመልኩ የፈረደበትን ፍርድ እርሱም ተቀብሎ በልቡ አጽንቶታል። ትሕትና ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያማቶ በፊቱ ቆማ በዓይኗም በሥራዋም የምትነግረውን እንዳይሰማ ጆሮውን ደፍኖበታል። ራስን መናቅ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ የሚወደውንም ሰው ያስለቅሳል።

የታኬዎን ቦታ ይዞ የሠራው ሪዮሄይ ሱዙኪ ነው። ይህ ተዋናይ ሲኒማው በታየበት ጊዜ ዕድሜው 32 ዓመት ሲሆን፥ የተማሪውን ግዙፍ ገላ ለመምሰል 30 ኪሎ ያህል ክብደት ጨምሯል። ያማቶን ሜይ ናጋኖ፥ ሱናካዋን ኬንታሮ ሳካጉቺ ሆነው ሠርተዋል። ሱዙኪ ፊቱን እያኮሳተረ ልቡን እንደ ሕፃን ሲያሳየን፥ መጀመሪያ የሳቅንበት መልክ ቆይቶ የምንወደው መልክ ይሆናል። ተመልካቹ ሳያውቀው ፍርዱን ይለውጣል፤ የሲኒማው ብልኃት ይህ ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ከጧት እስከ ማታ ሰው የምትቀበሉ ሆይ፥ ይህ ነገር ከጃፓን ተማሪዎች ይልቅ ለእናንተ ይቀርባል። ባለጉዳዩ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጫማውን፥ ኮቱንና ፊቱን እናያለን፤ ማመልከቻውን ከመግለጣችን በፊትም ግማሹን ፍርድ ሰጥተን እንጨርሳለን። ቁመናው ያማረው ወንበር ይቀርብለታል፤ ፊቱ ያስፈራን ወይም ልብሱ ያደፈው «ነገ ተመለስ» ይባላል። የተመለሰው ሰውም ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ እንደ ታኬዎ «ለእኔ የሚገባኝ ይህ ነው» ብሎ መብቱን መጠየቅ ይተዋል። በደል የሚጸናው እንዲህ ሲሆን ነው፤ በዳዩ ሳያስበው፥ ተበዳዩም ሳይከራከር።

ስለዚህ ነገ ጧት ደጃችሁን የሚያንኳኳውን የመጀመሪያ ሰው፥ መልኩን ከማየታችሁ በፊት ቃሉን ስሙት። ጓደኛችሁም በሌለበት በመልኩ ሲሳቅ ብትሰሙ፥ እንደ ሱናካዋ ከሳቁ ተለዩ።