ቁስል ማጠቢያ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል?



በኅዳርና በታኅሣሥ በቆቦ ሜዳ ማሽላ ይቆረጣል። ከጎብዬ እስከ ሮቢት፣ እስከ ዞብል ግርጌ ድረስ ማጭድ የማይይዝ እጅ የለም። ማጭድ ደግሞ አገዳ ብቻ አይቆርጥም፤ ጣትም ይቆርጣል። የአገዳው ጉቶ እግር ይወጋል። ታዲያ ሰው ሲቆስል ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ አመድ ይነሰንሳል። ሌላው የቡና ዱቄት ያደርጋል። በረኪና የሚያፈስም አለ። «ካቃጠለ ይሠራል» ይባላል። እስቲ ይህን እንመርምር።

ቁስልን የሚያመረቅዙት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው። ቃሉ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ተ-ህ-ዋ-ስ-ያ-ን። ማጠቢያው መድኃኒት እነሱን መግደል አለበት። የእኛን ሥጋ ግን መግደል የለበትም። ላቦራቶሪ የሚባለው የምርመራ ቤት የሚጠይቀው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

መርማሪው በመጀመሪያ ተህዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር ይቀላቅላል። ደቂቃ ይቆጥራል። ደቂቃው ሲሞላ የመድኃኒቱን ኃይል በሌላ ነገር ያከሽፈዋል። ይህን ካላደረገ መድኃኒቱ መግደሉን ይቀጥላል፤ ቆጠራውም ይሳሳታል። ቀጥሎ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ያደርገዋል። ሳህኑ በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ገደማ ያድራል። ከሞት የተረፈ ካለ ይራባና እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ ይቆጠራል። በአውሮፓ በሚሠራበት አንድ መለኪያ ከ100,000 ተህዋስያን ከ1 በላይ መትረፍ የለበትም። ደምና መግል መድኃኒትን ስለሚያደክሙ ፈተናው ደም መሳይ ነገር ተጨምሮበትም ይደገማል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ አገር የወታደሮችን ቁስል ያጠና ነበር። የመስታወት ቱቦ በእሳት አልስልሶ እንደ እሾህ የሾሉ ጉድጓዶች አወጣለት። ይህ የጥልቅ ቁስል አምሳያ ነበር። የተበከለ ፈሳሽ ሞላበት፤ ከዚያ በመድኃኒት አጠበው። ጉድጓዱ ውስጥ የተሸሸጉት ተህዋስያን አልሞቱም! ይባስ ብሎ፣ ኃይለኛ መድኃኒት ተህዋስያንን የሚበሉልንን ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚገድል አሳየ። ዘበኛውን ገድሎ ሌባውን መተው እኮ ነው።

በረኪናስ? በፈረንጆች 1915 ሄንሪ ዳኪን የሚባል ኬሚስት ከበረኪና ዘር ቁስል ማጠቢያ ሠርቷል። ነገር ግን 0.5 ከመቶ ብቻ ነበር፤ ማቃጠሉም እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። ለልብስ የምንገዛው ብዙውን ጊዜ 5 ከመቶ ገደማ ነው። አሥር እጥፍ ማለት ነው። በግምት አቅጥናችሁ ቁስል ላይ አታድርጉት።

ቁስሉን በንጹሕ ውሃ፣ ቢቻል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በደንብ እጠቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈርና እበት ከነካው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልጋል። መንጋጋ ቆልፍን ላይ ላዩን በማጠብ ብቻ አትከላከሉትም።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ስም የለሽ ፈሳሽ ግን ማን ፈተነው?

ጠርሙሱን ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። የሚያበቃበት ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆች ዘመን ነው። የእኛ 2018 ዓ.ም. ሲገባ የእነሱ 2025 ነበር። ስለዚህ በ2018 ዓ.ም. ጠርሙስ ላይ 2024 አይቶ «ገና ስድስት ዓመት አለው» ያለ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ገዝቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠርሙሱ ሲጎድል በላዩ አትሙሉበት፤ ውሃም አትጨምሩበት። በቀጠነ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ተህዋስያን ሲኖሩ ተገኝተዋል፤ በሆስፒታልም ጭምር። አሁን ቤታችሁ ጠርሙስ ካለ አምጡና ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት።