ደጁ የተከፈተ ቤት

ተናጋሪ ፩፦ እኅቴ ሆይ፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በወዲያኛው፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ የተተኮሰው ጥይት ያስደነገጣቸው 10 ሺህ የሚያህሉ ነፍሳት ድንበሩን ተሻግረው እዚህ በኬንያው ወገን፣ በሶማሬና በሶሎሎ ዙሪያ በሰፈሩ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ይዘውት የሚመጡትን ደዌ ፈርቶ ነበር።

ተናጋሪ ፪፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ይዘውት ከመጡት ይልቅ ጥለውት የመጡት ነበር የሚያስጨንቀኝ፤ ክትባቱ የተቋረጠበትና ወተት ካየ የሰነበተ ሕፃን ከሌሎች ጋር በአንድ ሸራ ሥር ተጨናንቆ ሲያድር፣ ኩፍኝ ከዚህ የተመቸ ማደሪያ ከወዴት ያገኛል?

ተናጋሪ ፩፦ አንዱ ሕመምተኛ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ይባላል።

ተናጋሪ ፪፦ አዎን፤ በረኃብ የደከመ ሥጋ ደግሞ ቫይረሱን ቶሎ ስለማያስወግድ ለብዙ ቀን ያስተላልፋል፤ ኩፍኙ ከለቀቀው በኋላም የሰውነቱ የመከላከል ትዝታ ተደምስሶ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ ይዳረጋል። የክንድ መለኪያዋ ጥብጣብ ከ11 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይዋን ስታሳይ፣ እኔ የማየው የሕፃኑን ቅጥነት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ዕጣ ነው።

ተናጋሪ ፩፦ የክትባት ካርዷ በሽሽት የጠፋባት እናትስ?

ተናጋሪ ፪፦ ትምጣ፣ ጋሼ፤ የተከተበ ሕፃን ዳግመኛ ቢከተብ አይጎዳውም።