በጎጃም ከፍታ ላይ የሞዴል አይሮፕላን ማብረርን ስለ መማር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ጀማሪ በራዲዮ የሚመራ ሞዴል አይሮፕላን ማብረርን እንዴት እንደሚማር የሚመለከት ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው የሚሉ እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሞዴል የሚገዛው የአየር ሕግ ትልቁን የመንገደኞች አይሮፕላን ከሚገዛው ሕግ አይለይም። ስለሆነም ርእሱ ለመሐንዲስ የሚያንስ አይደለም። የምናገረውም ስለ ምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም ስለ ፍኖተ ሰላምና ስለ ቡሬ አካባቢ ይሆናል። ምክንያቱም ከውጭ አገር በሚመጡት የመማሪያ ጽሑፎች ውስጥ የማይገኙ ሁለት ነገሮች በዚያ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የአየሩ ስስነት ነው፤ ሁለተኛው ከአየሩ በታች የሚኖረው ሕዝብ ነው።

አስቀድሜ ጀማሪ በየትም አገር ሊያውቀው የሚገባውን በአጭሩ ልግለጽ። ለመማሪያ የሚመረጠው ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ የክንፎቹም ጫፎች በመጠኑ ወደ ላይ ቀና ያሉ ሞዴል ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ ነፋስ ቢያጋድለው በራሱ ወደ ሚዛኑ የመመለስ ጠባይ አለው። የክብደቱ ማዕከል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲለካ፣ ከክንፉ ወርድ በአንድ አራተኛና በአንድ ሦስተኛ መካከል መዋል ይኖርበታል። ከዚህ አልፎ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ሞዴሉ ሚዛኑን ስለሚያጣ የሠለጠነ እጅ እንኳ ሊያድነው ያዳግታል። ከመነሣቱ በፊት ራዲዮው ከርቀት መሥራቱ፣ መሪዎቹም በትክክለኛው አቅጣጫ መዞራቸው ይፈተሻል። መነሣትም ሆነ ማረፍ ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ግን የግራና የቀኝ መገላበጥ ነው። ሞዴሉ ከአብራሪው ሲርቅ ግራው ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ነው። ፊቱን አዙሮ ሲመለስ ግን የሞዴሉ ግራ ለአብራሪው ቀኝ ይሆንበታል። መፍትሔው ሞዴሉ ወደ አብራሪው በሚመጣበት ጊዜ የመሪውን ዘንግ ዝቅ ወዳለው ክንፍ በኩል መግፋት ነው፤ ያዘነበለን ክንፍ ከሥሩ ደግፎ እንደ ማቃናት ያለ ነው። ይህን በቃል ማጥናት አይበቃም። እጅ እስኪለምደው ድረስ በኮምፒዩተር የበረራ ማስመሰያ ላይ፣ ከዚያም የአስተማሪውና የተማሪው ራዲዮ እርስ በርሱ ተያይዞ መለማመድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ልለፍ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በቡሬ ከፍታ የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ግን ክብደቱ 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ከመቶ 76 እጅ መሆኑ ነው። የክንፍ የማንሣት ኃይል በአየሩ እፍግታና በፍጥነቱ ካሬ መጠን የሚወሰን ስለሆነ፣ ሞዴሉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመቶ 15 እጅ ያህል ፈጥኖ መብረር ይኖርበታል። ለምሳሌ በባሕር ወለል በሰዓት እስከ 24 ኪሎ ሜትር ቢዘገይ የማይወድቅ ሞዴል፣ በቡሬ ቀትር ከ27 ኪሎ ሜትር ተኩል በታች ከዘገየ ክንፉ መሸከሙን ይተዋል። ለማረፊያ የሚያስፈልገውም ሜዳ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይረዝማል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ደግሞ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል።

ከዚህም የተነሣ መጽሐፉ ያዘዘውን ብቻ የሚከተል ጀማሪ ሞዴሉን ሊያሳርፍ ሲያዘገየው፣ ገና ከመሬት ሳይደርስ ሊወድቅበት ይችላል። መድኃኒቱ የሞዴሉን ክብደት በሩብ ያህል መቀነስ ወይም የክንፉን ስፋት በአንድ ሦስተኛ ያህል መጨመር ነው። ሰዓቱንም መምረጥ ይጠቅማል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አየሩ ቀዝቃዛና በመጠኑም የታፈገ ነው፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ቀትር ላይ ጭላቶች ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ሲወጡ ከታዩ፣ ከሞቀው መሬት የሚነሣ አየር እንዳለ ያመለክታሉ፤ ጀማሪም በዚያን ሰዓት ባያበር ይመረጣል። ሜዳውም አዝመራው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ ከባሕር ዛፍ ረድፍ የራቀ የግጦሽ መሬት ቢሆን ይሻላል፤ በታረሰ መሬት ላይ ትልሙ ጎማውን ይይዘዋል።

በስስ አየር ውስጥ መሥራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በ1928 ዓ.ም. ለበረራ ያበቃት፣ «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን የተሠራችው በአዲስ አበባ ነበር፤ ከፍታዋ ከቡሬም ይበልጣል። ይህች አይሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ሁለተኛው ጉዳይ በቀመር የሚፈታ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ግን ይህች ከተማ የአየር ጥቃት ደርሶባት ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት አገር የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ እናት ልጇን ወደ ቤት ብትጠራ አይፈረድባትም። ሞዴሉ አንድ ኪሎ ብቻ የሚመዝን መሆኑን ከታች ያለው ሰው ሊያውቅ አይችልም። በሕግም ቢሆን ሰው አልባ በራሪ መሣሪያን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ሆነ ማብረር አይፈቀድም። በእኔ አስተያየት ግን የመሥሪያ ቤት ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ባለ መሬቱ ገበሬ፣ የአገር ሽማግሌዎችና የአጥቢያው ካህናት ምን እንደሚበር፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚበር አስቀድመው ሊሰሙና ሊስማሙ ይገባል። ጸጥታው አስተማማኝ እስኪሆን ድረስም በዚያ አካባቢ ሞተር ያለው ሞዴል ባይነሣ ይሻላል።

ታዲያ የቡሬ ተማሪ እስከዚያው ምን ይማር? መልሴ በእጅ ከሚወረወረው ሞዴል ይጀምር የሚል ነው። ከቀርከሃ ስንጥቅና ከወረቀት ወይም ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ሊሠራ ይችላል። ድምፅ የለውም፤ ከግቢም አይወጣም። ተማሪው አፍንጫው ላይ ጥቂት ጭቃ እየለጠፈና እየቀነሰ የክብደት ማዕከልን በገዛ እጁ ያገኘዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲለቀቅ ዘጠኝ ሜትር ከሄደ፣ በአንድ ሜትር ቁልቁለት ስድስት ሜትር መንሳፈፉን ራሱ ያሰላል። ክንፉን አስፍቶ እንደገና ቢለካ ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን ሕግ በዓይኑ ያየዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለየከፍታችን የሚስማማ የክንፍ ስፋት፣ የክብደትና የፍጥነት ሠንጠረዥ በአማርኛ አዘጋጅተን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንስጥ። ሁለተኛ፣ የምንችል ሁሉ ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒዩተሮቻችንን የበረራ ማስመሰያ ጭነንባቸው ለእነዚሁ ትምህርት ቤቶች እናበርክት። ሜዳው ለበረራ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ እጃቸው የለመደ፣ ስሌቱንም የሚያውቁ ወጣቶች ይጠብቁታል።