ስለ መላጊያው ወጪ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሪፖርቱ ሁለት የእጅ መላጊያ ገዝተናል ይላል። አሮጌው፣ ከሰው እጅ የገዛነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠራ። በዋጋ የሚበልጠው አዲሱ ግን ሦስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ይህን ሪፖርቱ ስለማይናገር እኛ እንናገር።

አዲሱ የዋንዛውን ሳንቃ መላጉን ትቶ ይቦጭቀው ነበር። በርጩማ ያዘዙን ደንበኞች ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። ሻጩን አማነው፣ እንጨቱንም አማነው። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። የአዲስ መላጊያ ስለት ብዙ ጊዜ በማሽን ተሞርዶ ብቻ ነው የሚመጣው፤ አሹሎ መሳል የገዢው ሥራ ነው። አሮጌውን ቀድሞ የያዘው ሰው ስሎልን ኖሯል።

አንድ የሰፈራችን አዛውንት አናጢ መጥተው አሳዩን። ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስተዋት ላይ ዘርግተን፣ የመላጊያውን ታች በእርሳስ አስምረን፣ መስመሩ እስኪጠፋ ፈተግነው። የስለቱን ጀርባ አስተካክለን ጫፉን በ30 ዲግሪ ገደማ ሳልነው። በስለቱ ላይ የሚታሰረውን ብረት ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ አራቅነው፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት ካለ ፍቅፋቂው ይሰነቀራል። ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ክንዳችንም ዛለ።

ከእንግዲህ ስንገዛ የብረት ማስመሪያ ታቹ ላይ አስጠግተን ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ እናያለን። የብርጭቆ ወረቀቱ ወጪ ዘንድሮ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ገብቷል፤ ለመጪው ዓመት በጀት ግን የራሱን ረድፍ አውጥተንለታል።